ምስጢረኛ ልሁን ለምትሉ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

በምሥራቅ ጎጃም አንዲት ከተማ ባለ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ካሉት ሁለት ምስጢረኞች አንዷ ነኝ። ሁለተኛው ወንድ ነው፤ ሴት ለሴት፣ ወንድ ለወንድ ማውራት የሚቀለው ሰው ስላለ። ሥራው ደመወዝ የለውም፣ አበል የለውም። በዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ስማችንና ስልካችን ይነበባል፣ በቃ። አባል የሆነ ሰው ኮሚቴው በደለኝ፣ በስብሰባ ላይ ተዋረድኩ፣ አንድ ሰው ያስፈራራኛል፣ ወይም ይህ ብድር ቤቴን እያፈረሰው ነው ሲል መጀመሪያ የሚያወራው ከእኛ ጋር ነው። እንሰማለን፣ ያሉትን መንገዶች እናሳያለን፣ ከፈለገ አብረነው እንሄዳለን። አንመረምርም፣ አንፈርድም።

ከጎረቤት ወረዳ ያሉ ማኅበራት ሥራውን ሲጀምሩ አዳዲስ በጎ ፈቃደኞችን እኛ ዘንድ ይልካሉ። ጥሩ ሰዎች ናቸው። ግን ያንኑ ስህተት እየተቀባበሉ ስለሚሠሩት ጽፌ ልገላገል ብያለሁ። ቅደም ተከተሉን ያወጣው ንዴቴ ነው።

ሽማግሌ ልሁን ማለት

ሌላውን ሁሉ በትዕግሥት አስረዳለሁ። ይህኛው ላይ ግን ትዕግሥቴ አልቋል።

በእኛ አገር ሽማግሌ ምን ያህል እንደሚከበር የታወቀ ነው። ሁለት ሰው ተጣላ ከተባለ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሰው ይሰበሰባል፤ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል፤ "ስለ እግዚአብሔር ማርኝ" ይባላል፤ ይሳሳማሉ፤ ይመረቃል። ስንት ደም ያደረቀ ሥርዓት ነው፣ አልነቅፈውም። ችግሩ ምስጢረኛ ተብሎ የተመረጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞም ሽማግሌ የነበረ መሆኑ ነው። የተመረጠውም ስለተከበረ ነው። የጥል ወሬ ሲሰማ እግሩ ወደለመደው ይሄዳል።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ አባላቱ ሁሉ ጋሼ ነው የሚሏቸው። በርበሬና ቅመም የምትነግድ አንዲት አባል ወደ እሳቸው መጣች። የብድር ኮሚቴ አባል የሆነ ሰው፣ ማመልከቻዋን በእጁ ይዞ፣ "ይኼ እንዲያልፍልሽ ከፈለግሽ ማታ ደውይልኝ" ብሏታል። አንድ ጊዜ አይደለም። "ጋሼ፣ ምን ማድረግ እንደምችል ይንገሩኝ እንጂ ለማንም እንዳይናገሩብኝ" አለቻቸው። ጋሼ ከልባቸው አዘኑ፤ ይህንን አልጠራጠርም። እሑድ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ሰውየው ቤት ሄዱ።

ሰውየው በማርያም ማለ። ተቆጣ። ቀጥሎ "እንግዲህ በቀልድ የተናገርኩት ካስቀየማት ይቅርታ" አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ጠላ ቀረበ። ማታውን የሰውየው ሚስት ሰማች፤ በማግስቱ የሚስትየው እኅቶች ሰሙ። በሳምንቱ ለልጅቱ ዋስ የሆኑት ሁለቱም ሰዎች ቢሮ ድረስ መጥተው ዋስትናቸውን እንደማይቀጥሉ አሳወቁ። ከዚያ በኋላ እሷ ቁጠባዋን አውጥታ ማኅበሩን ለቀቀች። ጋሼ ደውለውልኝ ምን አሉኝ? "ኧረ እቴ፣ አስታርቄያቸው ነበር እኮ! ምን ሆና ነው የወጣች?"

ምን ሆና! ዕርቅ መቼ ጠየቀች? የጠየቀችው መንገድ ነው። ዕርቅ የተጣሉ ሰዎች ነገር ነው፤ እሷ ከማንም አልተጣላችም። አንዱ ብዕር ይዞ ያጸድቃል፣ አንዷ ማመልከቻ ይዛ ትጠብቃለች። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ "ተሳሳሙ" ማለት ምን ይሉታል? ከዚህ የከፋው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ሽማግሌ ከመረቀ በኋላ ሴትዮዋ ለቁጥጥር ኮሚቴ ወይም ለወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ላመልክት ብትል ዕርቅ አፍራሽ ትባላለች። በዳዩ በአንድ እሑድ ከክስ ተለቀቀ፣ ተበዳይዋ በዚያው እሑድ ታሰረች።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ ልማድ እየራቀ ነው የመጣው። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት የጠለፈ ሰው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። ስንቱ ጠለፋ በሽማግሌ ጋብቻ ተብሎ እንደተዘጋ እናቶቻችንን ጠይቁ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘግቶታል። አስገድዶ መድፈርም ሽማግሌ የሚዘጋው ጉዳይ አይደለም፤ የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ ነው። "ቤተሰቦቹ ተስማምተዋል" ስትሉኝ መስማት አልፈልግም።

"የማኅበራቱ አዋጅ ራሱ ዕርቅ ይላል እኮ" የሚለኝ አይጠፋም። ይላል። አዋጅ ቁጥር 985/2009 በማኅበሩ ውስጥ ለሚነሳ ክርክር የዕርቅና የግልግል ዳኝነት መንገድ አበጅቷል። ያንን የሚይዘው ግን ለዚያ የተሰየመ ሰው ነው፤ ሁለቱም ወገን አውቀውትና ፈቅደው ይቀርባሉ። ምስጢረኛው በምስጢር የሰማውን ይዞ የሚገባበት ነገር አይደለም። አባሏ "አስታርቁኝ" ካለች አስታራቂ ማን እንደሆነ ንገሯት። እናንተ ግን አትሁኑ።

ሳይሰሙ መማል

ሰውየው ወንበሩ ላይ ሳይደላደል "ግድ የለህም፣ ከእኔ አይወጣም፣ በሚካኤል" የሚል በጎ ፈቃደኛ አለ። ደግነት ነው፣ ገብቶኛል። ነገር ግን ሊነግራችሁ ያለውን ገና አልሰማችሁም። ራሴን ላጠፋ ነው ቢልስ? የወንድሙ ልጅ በ14 ዓመቷ ልትዳር ጠላ እየተጠመቀ ነው ቢልስ? በክልላችን የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ዝም ካላችሁ ልጅቷ ትዳራለች፤ ከተናገራችሁ መሐላ በላችሁ።

የነፍስ አባት አይደላችሁም። ካህን፣ ጠበቃና ሐኪም በሥራቸው የሰሙትን እንዲጠብቁ የወንጀል ሕጉ በስም ያነሣቸዋል፤ የማኅበር በጎ ፈቃደኛን በስም አያነሣም። በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት ያላስታወቀ ሰውም ራሱ ይጠየቃል።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ "የምትነግሪኝ እኔ ጋ ይቀራል። ያንቺ ወይም የሌላ ሰው ነፍስ አደጋ ላይ ከሆነ፣ ወይም ልጅ እየተጎዳ ከሆነ ግን ዝም ማለት አልችልም። ያን ጊዜም ለማን እንደምናገር አስቀድሜ ላንቺ እነግርሻለሁ።" ይህንን ሰምቶ ዝም ብሎ የሚያስብ ሰው ያጋጥማችኋል። ተዉት፣ ያስብ። ዝምታውን በወሬ አትሙሉት።

ምስጢር በአፍ ብቻ የሚወጣ መምሰል

አብዛኛው በጎ ፈቃደኛ አፉ ጥብቅ ነው። የሚያጋልጠው ሌላ ነገሩ ነው።

የገበያ ቀን ነው እንበል። እሷ ከባሏ እኅት ጋር ቆማ ሽንኩርት ታማርጣለች። እናንተ በዚያ በኩል ስታልፉ፣ ከልብ አስባችሁ፣ "እንዴት ሆነልሽ ያ ነገር?" ትሏታላችሁ። የባሏ እኅት አንድ ቃል አትናገርም። ቤት ስትደርስ ግን "የቱ ነገር ነው?" የሚለው ጥያቄ ወንድሟ ጋ ደርሷል። ከዚህ በተቃራኒ ደግሞ እንዳይጠረጠር ብሎ የሚኮራ አለ፤ ድሮ ሦስት ጊዜ ጉንጯን ስሞ "ልጆች ደኅና? ከብቱ ደኅና?" የሚል ሰው አንድ ቀን አንገቱን ደፍቶ ሲያልፋት እሱም ያስጠረጥራል። ትናንት ሰላም ትሉ እንደነበረው ሰላም በሉ፤ ከዚያ አይብዛም፣ አይነስም።

ስልክ የባሰ ነው። በብዙ ቤት አንድ ስልክ ለቤተሰቡ ሁሉ ነው፤ የሚያነሳው ልጅ ወይም ባል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን "ልደውልልሽ ወይስ ትደውይልኛለሽ? ሌላ ሰው ቢያነሳ ምን ልበል?" ብላችሁ ጠይቁ። ከአንዷ አባል ጋር "የቁጠባ ደብተርሽን አምጪ፣ ያልተመዘገበ መዋጮ አለ" የሚል ቃል ተስማምተን ነበር፤ ባሏ አንስቶ መልእክቱን በትክክል አድርሶላታል። መልእክት አትጻፉ። ቴሌግራም ላይ ያውም በድምፅ የሚልኩ አሉ፤ ምን እንደምላቸው አላውቅም። ስሟን ስልካችሁ ላይ ስትይዙ ስሟን ብቻ ያዙ። "እትዬ እገሊት፣ የድብደባ" ብሎ የመዘገበ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለ ቦታው። አንድ ማኅበር ለምስጢረኞቹ ለብቻ ክፍል ሰጥቶ በሩ ላይ "የምስጢር ማማከሪያ" ብሎ ጻፈበት፤ በገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ፊት ለፊት። ማን እንደገባና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይቆጥራል። ሐሳቡን ያመጣው ሰው ለምን አንድም ሰው እንደማይመጣ ገርሞት ጠየቀኝ።

ምስጢር የሚወራው ሁለታችሁም መገኘታችሁ በማያስገርምበት ቦታ ነው። እኛ ጋ አንዲት አባል ያደረገችውን እስከዛሬ ለአዳዲሶቹ አስተምርበታለሁ። መዋጮ የሚሰበሰብበት ቀን፣ ሰው በተጨናነቀበት አዳራሽ ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የቁጠባ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። እያወራችኝ ጣቷ ከመስመር መስመር ይወርዳል። ሰው ሲጠጋ ድምጿን ከፍ አድርጋ "ይኼ የሚያዝያው ነው?" ትለኛለች፤ እኔም "እሱ የመጋቢት ነው" እላለሁ። ሰው ሲርቅ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ባሏ በስሟ ብድር እንድትወስድ በዱላ እንደሚያስገድዳት የነገረችኝ እንዲህ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል። ቦታውን የመረጠች እሷ ናት። እናንተም መጀመሪያ "የት ይመችሻል?" በሉ እንጂ ቀጠሮ ይዛችሁ አትጥሯት።

ሪፖርት ላይ መራቀቅ

ይኼኛው ስህተት የሚመጣው ከተማሩት ወጣቶች ነው፤ ስለምወዳቸው ቀስ ብዬ እናገራለሁ። ጠቅላላ ጉባኤው ምስጢረኞቹ ምን ሠሩ ብሎ ይጠይቃል፤ መብቱ ነው። ልጆቹ ሠንጠረዥ ያዘጋጃሉ፦ በፆታ፣ በዕድሜ፣ በቀበሌ፣ በጉዳይ ዓይነት። "ከዚህ ቀበሌ፣ ሴት፣ ከ30 ዓመት በታች፣ በብድር ኮሚቴ ላይ የቀረበ ቅሬታ፣ 1።" ስም አልጠቀሱም። አዳራሹ ውስጥ ግን ከዚያ ቀበሌ የመጡት ወጣት ሴቶች ሦስት ናቸው፤ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያቸው።

ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ አትከፋፍሉት። "በዓመቱ አባላት አነጋግረውናል፤ ከብድር አሰጣጥና ከስብሰባ ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነገር ተደጋግሞ ታይቷል፤ ስለዚህ ብድር የሚጠይቅ ሰው ማመልከቻውን ለአንድ ሰው ሳይሆን ለኮሚቴው በጋራ ያስገባ" ማለት ይበቃል። ጉባኤው የሚያስፈልገው ያ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው።

ማስታወሻ ደብተርም እንዲሁ። ቀኑን፣ የተስማማችሁበትን ቀጣይ እርምጃ፣ እናንተ ብቻ የምታውቁትን ምልክት ጻፉ፤ ታሪኩን አትጻፉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው ጤናና መሰል ነገሮች በልዩ ጥንቃቄ እንዲያዙ ይላል፤ አዋጁ ባይኖርም ደብተር ታክሲ ላይ ይረሳል።

"ነገ እናየዋለን"

የተደፈረ ሰው ከመጣ ማኅበሩን፣ ኮሚቴውን፣ አዋጁን እርሱ። ሆስፒታል። ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ 5 ቀን ቢሠራም መዘግየት አይወድም። የለበሰችውን ልብስ እንዳታጥብ፣ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ጠቅልላ እንድትይዘው ንገሯት። ለመክሰስ ወስናም ባትወስንም ሕክምናው ይገባታል፤ ክስ የሚለውን ቃል ያን ሰዓት አታንሱ። ከገጠር ቀበሌ ከሆነች ትራንስፖርቱን አስቀድማችሁ አስቡ፤ መንገድ ሊዘጋ ይችላል፤ ሆስፒታል መድረስ ካልተቻለ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይጀምርላት።

መንገዱን ሳያውቁ መምራት

አባልና ሠራተኛ አንድ አይደሉም። ገንዘብ ተቀባይዋ ሥራ አስኪያጁ ያስቸግረኛል ብላ ከመጣች የእሷ ነገር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር ነው፤ አዋጁ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል፣ የተፈጸመባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ብትለቅ መብቷን ያስጠብቃል። አባል ከሆነች ደግሞ ቁጥጥር ኮሚቴ፣ ጠቅላላ ጉባኤ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት አለ። ወንጀል ከሆነ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ። ጠበቃ መቅጠር ለማይችል የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። እነዚህን አስቀድማችሁ ዞራችሁ እወቋቸው፤ የትኛው ቢሮ ሐሙስ እንደሚዘጋ ጭምር።

ቻይው፣ ወይም ፍቺው

ሁለቱም የእናንተ ሥራ አይደለም። "ቻይው" የሚለውን በእናቷም በጎረቤቷም ሰምታዋለች። "ፍቺው" የሚለው የሚመጣው ደግሞ ማታ እሷ ቤት ከማያድር ሰው ነው።

ዋስ መሆን

አትሁኑ። ከኪሳችሁም አታበድሩ። ገንዘብ የገባበት ጆሮ መስማት ያቆማል።

ምርመራ

"እስኪ የእሱንም ቃል ልስማ" ያላችሁ ቀን ምስጢረኛነታችሁ አበቃ። እውነት መሆኑን ማጣራት የሌላ ሰው ሥራ ነው። እናንተ ማመን አለማመን አይጠበቅባችሁም፤ ሰምቶ ቀጥሎ ምን እንደሚቻል ማሳየት እንጂ።

ዝምድናን መደበቅ

እኛ አገር እስከ ሰባት ቤት ነው የሚቆጠረው፤ እየቆጠራችሁ ከሄዳችሁ የማይዛመድ የለም። ስለዚህ ዝምድና ስላለ ብቻ ሥራውን አትተዉ። ግን የተከሰሰው ሰው የአክስታችሁ ልጅ ከሆነ፣ የክርስትና አባታችሁ ከሆነ፣ ጽዋ አብራችሁ የምትጠጡ ከሆነ፣ ስሙ በተጠራ ቅጽበት አቋርጧትና ንገሯት። "ይኼ ሰው ዘመዴ ነው። ከፈለግሽ እሰማሻለሁ፣ ካልፈለግሽ ሌላኛው ምስጢረኛ አለ።" ጨርሳ ከነገረቻችሁ በኋላ መናገር ካለመናገር ይከፋል። የብድር ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ፤ ሁለቱን ይዛችሁ ማንም አያምናችሁም፣ ልክም ነው።

"ለባለቤቴ ብቻ ነው የነገርኩ"

የአምስት በጎ ፈቃደኞች ባለቤት ብቻ ቢያውቅ፣ አምስት ቤት ያውቃል። ይህን ስል ብቻችሁን ተሸከሙት ማለቴ አይደለም። የሰማችሁት እንቅልፍ ሲነሳችሁ ከሌላኛው ምስጢረኛ ጋር ስም፣ ቀበሌና ንግድ ሳትጠሩ ተነጋገሩ፤ ስለ እሷ ሳይሆን ስለ እናንተ። "ሰማሁና እጄ ተንቀጠቀጠ" ማለት የማንንም ምስጢር አያወጣም። ሁለት ሦስት ወር ማረፍ ካስፈለጋችሁም ማኅበሩ ተጠባባቂ ይምረጥ። የደከመ ሰው ቶሎ ወደ ምክር ይሮጣል።

ሲወርዱ ዝም ብሎ መጥፋት

የአገልግሎት ዘመናችሁ ሲያበቃ በእጃችሁ ያልተቋጨ ጉዳይ ይኖራል። ለሚተካችሁ ሰው ዝርዝር አትስጡ። እያንዳንዷን ራሷን "እኔ ልወርድ ነው፤ ነገርሽን ለአዲሷ ልንገራት፣ ራስሽ ትነግሪያታለሽ፣ ወይስ እዚህ ይቁም?" ብላችሁ ጠይቁ። የማኅበሩን ሲም ካርድ ከማስረከባችሁ በፊት የጥሪ ዝርዝሩንና የተመዘገቡ ስሞችን አጥፉ፤ ሲም ላይ የተቀመጠው ስልክ ላይ ካለው ይለያል፣ ሁለቱንም እዩ። ደብተሩን ከሌላኛው ምስጢረኛ ጋር ሆናችሁ አቃጥሉት። እኛ ሁልጊዜ ለቡና በተቀጣጠለ ከሰል ላይ ነው የምንጨምረው፤ ጀበናው ከመጣዱ በፊት፣ ጭሱ ቡናውን እንዳያበላሸው።